ቀስት ጎድሎናል!

በየመሥሪያ ቤቱ፣ የማይታየውን ነገር ሁሉ ከሚታየው ተነስቼ ካላወቅሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል አንድ ሰው አለ። እኛ ዘንድ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ። ለእኛ ላቦራቶሪ የደረሱት ክቡር አቶ ቀስት ናቸው። በዕድሜ እኩያዬ ናቸው፤ አንቱ የምላቸው ለማብሸቅ ነው።

ሥራቸው ሒሳብ ነው፤ ሴል በእጃቸው ነክተው አያውቁም። እኔ ሴሎች ላይ ሆርሞን ጨምሬ መልእክቱ ውስጥ ለውስጥ ሲተላለፍ እለካለሁ፤ እሳቸው ቁጥሩን ወስደው ማን ማንን እንደቀሰቀሰ በቀመር ያወጣሉ። ሰሌዳው ላይ ሳጥን ነው፣ ከሳጥን ወደ ሳጥን ቀስት ነው። ቀስቱ የሚያበረታ ከሆነ መደመር፣ የሚያዳክም ከሆነ መቀነስ ይጻፍበታል። ቁጥሩ አልገጥም ሲላቸው ራሳቸውን ይዘው "ቀስት ጎድሎናል!" ይላሉ። ሻይ ክፍል ስኳር ሲያልቅም "ቀስት ጎድሎናል!" አንድ ቀን ጥበቃውና ጸሐፊዋ ለምን እንደተኳረፉ ሦስት ሳጥን ስለው አስረዱኝ። ሦስተኛዋ ሳጥን እኔ ነበርኩ።

ታዲያ ሴሎቼ አበዱ። የመልእክቱ መጠን ሽቅብ ይወጣል፣ ዘጭ ይላል፣ ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ዘጭ! አለቃችን ዶክተሯ መጡና "እስከ ዓርብ ምክንያቱ ካልታወቀ ይህን ሥራ እዘጋዋለሁ" አሉኝ። ያ ሁሉ ልፋቴ! እንባዬ መጣ።

አቶ ቀስት ግን በደስታ የሚሆኑትን አጡ። "እህት ዓለም፣ ወርቅ ነው ያመጣሽልኝ! ሴሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሞከርኩ፣ አልገጥም አለ። ከውጭ የሚመጣ ነገር አለ። ደግሞ የሚመጣው አንቺን ተከትሎ ነው።"

"እኔን? እኔ ምን አደረግኳቸው?"

"ቀስት ጎድሎናል!" ብለው ወንበራቸውን ጎትተው ሴሎቹን የሚያሞቀው ካቢኔ አጠገብ ጉብ አሉ። እኔም ናሙና ላወጣ የካቢኔውን በር ከፈትኩ። እንደ ልማዴ በሩን ይዤ ለሴሎቼ "እናንተው ፍረዱኝ እስቲ፣ ሰው እንዲህ እያፈጠጡበት ይሠራል?" ማለት ጀመርኩ።

ክቡርነታቸው ዘለው ተነሱ። "በሩ! በሩን ከፍተሽ ማንን ነው የምታሚው?"

"እርስዎን ነዋ! ሁልጊዜም እርስዎን ነው!"

ለካ ናሙና ባወጣሁ ቁጥር እሳቸውን አምቼ እስክጨርስ ብርዱ ይገባል፤ ሴሎቼ ይቀዘቅዛሉ፣ መልእክቱም ዘጭ ይላል። አቶ ቀስት ሰሌዳው ላይ ከራሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሴሎቹ ቀስት ሰደዱ። "እኔም አለሁበት! ሞዴሉ ውስጥ አለሁ!" እያሉ ጮቤ ረገጡ። ድምፅ ሰምተው የመጡትን ዶክተሯንም እጃቸውን ይዘው አሽከረከሯቸው።

አፌንም በሩንም ዘግቼ እንደገና ለካሁ። መልእክቱ ቀመራቸው እንዳለው አምሮበት ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ዓርብ ዶክተሯ "ቀጥሉ" አሉን። ወይ ደስታ!

ሰሌዳውን ግን ማንም እንዲያጠፋው አልፈቀድኩም። አቶ ቀስት ከእሳቸው ወደ እኔ የመጣውን ቀስት "ሥራሽን አበላሽቼብሻለሁ እኮ" ብለው መቀነስ አድርገውበታል። ክፍሉ ጭር ሲል ማርከር አነሳሁና በመቀነሱ ላይ አንዲት መስመር ቁልቁል ጨመርኩበት።

ይኸው እስከ ዛሬ "ማነው ቀስቴን የነካው?" እያሉ ይዞራሉ። በቀመር ያውጡታ!