ሰማያዊዎቹ ጀሪካኖች

መስሪያ ቤት ድንገት ጽዳት ሲያምረው እኔ ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። ሰው ቤቱን ሲያጸዳ ቆሻሻውን የት እንደሚደፋ ታያላችሁ፤ ድርጅት ሲያጸዳ ግን የምታዩት ጭብጨባውን ብቻ ነው።

የምሠራው ቆላ ወርዶ ጥጥ በሚያመርት ድርጅት ጂንካ ቢሮ፣ የመኪና ስምሪት ክፍል ነው። የተባይ መድኃኒቱ በሰማያዊ ጀሪካን ይመጣል፤ ባዶውን በስተን እንቀብረው ነበር። ታዲያ ሥራ አስኪያጃችን ስለ አካባቢ ጥበቃ ወርክሾፕ ተካፍለው ተመለሱና "ፕላስቲክ መቅበር ቀረ፤ መልሶ መጠቀም ነው" አሉ። ጀሪካኖቹ ለቅለቅ ተደረጉ፣ ለአልዱባ ነዋሪዎች ታደሉ፣ ፎቶ ተነሳ። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ጠንካራ ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ከወራት በኋላ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። የሥራ አስኪያጃችን ፊት አመድ መሰለ። "ቶሎ ሰብስቡ" አሉ፣ "ግን መርዝ የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ፤ ሕዝቡ ይደነግጣል፣ ስማችንም ይጠፋል።" ስለዚህ በገበያው ቀን በድምፅ ማጉያ የተነገረው ይህ ብቻ ነበር፦ ሰማያዊ ጀሪካን ላመጣ አዲስ ቢጫ ይሰጠዋል።

ሕዝቡ ጎረፈ። ካደልነው የሚበልጥ ክምር ተከመረ። ሥራ አስኪያጃችን ደስ ብሏቸው እጃቸውን ያፋትጋሉ። እኔ ግን ጠጋ ብዬ አየሁ። አንዱ ተሰንጥቋል፣ አንዱ በሳሙና ተደፍኗል፣ ሌላው አፉ በጨርቅ ተወትፏል። ከየጓዳው አሮጌ ሰማያዊው ወጥቶ ነው የመጣው። የእኛዎቹ የሉም።

አጠገቤ አንዲት የበና ብሔረሰብ ሴት አዲሱን ቢጫ ጀሪካን ታቅፋ ቆማለች።

"እህቴ፣ ያኔ እኛ የሰጠንሽስ?" አልኳት።

"እሱ ቤት አለ። ጥሩ ነው፣ አያፈስም። ልጆች በሱ ውሃ ይጠጣሉ።"

"መርዝ ነበረበት እኮ" አልኩ። ትእዛዙም እንጀራዬም ትዝ አላሉኝም።

ሳቀች። "መርዝ ቢሆን ቢሮ ይሰጣል?"

መኪና አስነስቼ ቤቷ ድረስ ወሰድኳት። ጀሪካኑ የለም። ጎረቤቷ ተውሳዋለች፤ የጎረቤቷ እህት ደግሞ ወደ ካኮ ይዛው ሄዳለች። ደህና ዕቃ እዚህ አገር አንድ ቤት አይቀመጥም፤ በውሰት ይዞራል።

ተቆጣጣሪው መጣ፣ ክምሩን አየ። "ካደላችሁት በላይ ሰበሰባችሁ" ብሎ አደነቀ። የምስጋና ወረቀቱ ቢሮአችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እኔ ግን ሰው ቤት ውሃ በቀረበልኝ ቁጥር የተቀዳበትን ዕቃ አሳዩኝ ማለት ጀምሬያለሁ። ኩራተኛ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ባለፈው ካኮ አንድ ቤት ገብቼ ይህንኑ ስጠይቅ፣ የቤቱ እመቤት ልጇን እያጠጣች ቀና ብላ አየችኝ።

"አትፍራ" አለችኝ፣ "ንጹሕ ነው፤ ቢሮ ነው የሰጠው።"