አፈሩ ንጹሕ ከሆነ

(ሐዋሳ፤ የአፈር ላቦራቶሪ ደጃፍ። መናኸሪያ አካባቢ ጋራዥ ያለው ሙክታር አግዳሚ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ደረሰ የሚባለው መካኒኩ አጠገቡ ሆኖ የኮፍያውን ጠርዝ ያሻሻል። ጎረቤታቸው አስካለ «የጉድጓድ ውሃዬ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ የጋራዡ ነዳጅ ሰርጎ ገብቶብኝ ነው» ብላ ከስሳ ጋራዡ ታሽጓል። ባለሙያ መጥቶ ከአጥሩ ሥር አፈር ዝቆ ወስዷል። አፈሩ ውስጥ ነዳጅ ከተገኘ ጋራዡ እንደታሸገ ይቀራል፤ የሁለቱም እንጀራ አብሮ።)

ሙክታር፦ ያነዱታል አልኩህ።

ደረሰ፦ አፈር ይነዳል እንዴ፣ ጋሽ ሙክታር?

ሙክታር፦ ነዳጅ ካለበት ይነዳል። ክብሪት ይጭሩበታል። ከነደደ ጋራዡ ይዘጋል፣ ካልነደደ ይከፈታል። ሳይንስ ማለት ይኸው ነው።

ደረሰ፦ ታዲያ አንድ ክብሪት ለመጫር ይህን ያህል ጊዜ ምን አቆያቸው?

ሙክታር፦ የመንግሥት ክብሪት በጨረታ ነው የሚገዛው።

ደረሰ፦ ባለሙያው ግን ማሽን አለን ብሎ ነበር።

ሙክታር፦ ማሽኑ ለእንግዳ ነው። ዋናው አፍንጫ ነው። አንድ ለአምስት ተደራጅተው አምስቱ ያሸታሉ፣ አንዱ ይጽፋል።

ደረሰ፦ ጉንፋን የያዘውስ?

ሙክታር፦ እሱ ነው የሚጽፈው።

(ደረሰ ይስቃል፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ይተወዋል። ሆዱ ውስጥ የቆየ ነገር አለ።)

ሙክታር፦ ምን ያቁነጠንጥሃል?

ደረሰ፦ ያ ጠርሙስ... አፈሩ ይገባበታል የተባለው...

ሙክታር፦ ስለ ጠርሙሱ አታስብ። ባለሙያው ንጹሕ ጠርሙስ አምጡ ሲለን እንደ እኔ አድርጎ የሚያጥብ ሰው ቱላ ድረስ ብትሄድ አታገኝም።

ደረሰ፦ ተሰብሯል።

ሙክታር፦ ምኑ?

ደረሰ፦ ጠርሙሱ። እርስዎ ዞር እንዳሉ ለባለሙያው ላቀብል ስል ከእጄ አመለጠ። አፈሩ ገና አልገባበትም ነበር።

ሙክታር፦ አፈሩ ታዲያ በምን ሄደ? በኪስህ?

ደረሰ፦ በማርማላታ ጠርሙስ።

ሙክታር፦ በማን ማርማላታ?

ደረሰ፦ (መሬት መሬት እያየ) በእትዬ አስካለ። በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ።

ሙክታር፦ የከሳሽን ጠርሙስ ለምርመራ ሰጠህ።

ደረሰ፦ ሌላ በአቅራቢያው አልነበረም።

ሙክታር፦ በቃ፣ አለቀልን። ሴትዮዋ ውስጡን ላምባ ቀብታ ነው የምትሰጥህ።

ደረሰ፦ ባለሙያው ፊት በሙቅ ውሃ አጥበው ነው የሰጡኝ።

ሙክታር፦ አንተ የዋህ ነህ፣ ደረሰ። ሰው አታውቅም። ዛሬ ቤት ስትገባ ለባለቤትህ ሌላ ሥራ እየፈለግሁ ነው በላት።

(መስኮቱ ይከፈታል። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ወረቀት አቀብላ ትዘጋዋለች። ሙክታር መነጽሩን አልያዘም። ደረሰ ወረቀቱን ተቀብሎ ያነባል።)

ደረሰ፦ «በቀረበው አፈር ውስጥ ነዳጅም ሆነ የሞተር ዘይት አልተገኘም።»

ሙክታር፦ ድገመው።

ደረሰ፦ አልተገኘም። ይከፈታል ማለት ነው።

ሙክታር፦ (እየተነሳ) አላልኩህም? ያን ያህል ሲሚንቶ የፈሰሰበት ወለል ምን ያሳልፋል? የእኔ ጠርሙስ ቢሆን ደግሞ ከዚህም በላይ ንጹሕ ነው ይሉት ነበር።

ደረሰ፦ በምን ነበር ያጠቡት?

ሙክታር፦ በምን ይታጠባል? በቤንዚን ነዋ።

(ደረሰ ወረቀቱን ያያል፤ የተዘጋውን መስኮት ያያል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።)

ደረሰ፦ ቤንዚን አለበት ወይ ተብሎ የሚመረመር አፈር የሚገባበትን ጠርሙስ፣ በቤንዚን?

ሙክታር፦ ደጋግሜ። ቤንዚን የማያስለቅቀው ቅባት የለም። አስካለን ጠይቃት። የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቁጥር ባልዲዋን ተውሼ ራዲያተር እሞላበታለሁ። ግሪስ ሲነካው ዝም ብዬ አልመልስም፤ በቤንዚን አብለጭልጬ ነው የምሰጣት። ይህን ረስታ ትከሰኛለች።

ደረሰ፦ የትኛውን ባልዲ?

ሙክታር፦ ሰማያዊውን። ገመድ ያለውን።

ደረሰ፦ ከጉድጓዱ ውሃ የሚቀዱበትን?

(ሙክታር ቀስ ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል።)

ደረሰ፦ ጋሽ ሙክታር፣ ወረቀቱን ለእትዬ አስካለ እኔ አሳያቸዋለሁ። የባልዲውን እርስዎ ይንገሯቸው።

ሙክታር፦ መጀመሪያ አዲስ ባልዲ እንግዛላት።

ደረሰ፦ እንግዛ። እርስዎ እንዳያጥቡት ብቻ።