አራት ደቂቃ ስለ መስኮት

በዚህ አገር ከሲኒማ ቤት ወጥቶ እውነት የተናገረ ሰው የለም! አትልፉ፣ አትፈልጉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያንኮራፋ የነበረው ሰውዬ ሳይቀር በር ላይ ማይክ ሲደቀንበት ኮቱን አስተካክሎ «በጣም አስተማሪ ፊልም ነው» ይላል። ምን አስተማረህ ብትሉት... እሱን እንጃ። የሚያስቀው ፊልም ያስተምራል፣ የሚያስለቅሰው ያስተምራል፣ መብራት ጠፍቶ ያላለቀውም ያስተምራል። እንዲህ ተምረን ተምረን ግን ያው ነን።

የእኔ ጉድ የፈላው ይህን ሕግ የጣስኩ ዕለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ አዲስ ፊልም ልይ ብዬ ገባሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንድ ቢሮ የሚሠሩ ወንድና ሴት እሳትና ጭድ ናቸው። ፋይል ይደባበቃሉ፣ ስብሰባ ላይ ይዘላለፋሉ። ከዚያ ሊፍት ውስጥ መብራት ይጠፋባቸዋል። መብራቱ ሲመጣ... ፍቅር ይዟቸዋል! እስቲ አስቡት፣ ሊፍት ውስጥ መብራት የጠፋበት ሁሉ ፍቅር ቢይዘው ኖሮ አዲስ አበባ ውስጥ ላጤ ይገኝ ነበር?

ስወጣ አንዲት ማይክ የያዘች ልጅ መንገዴን ዘጋችው።

«ፊልሙን እንዴት አገኘኸው?»

«ውሸት ነው» አልኳት።

ዓይኗ በራ። ከእኔ በፊት የጠየቀቻቸው ሁሉ ለካ ተምረው ነው የሄዱት። «እንዴት ማለት?» አለችኝ፤ ማይኩን አፌ ውስጥ ልትከተው ትንሽ ነው የቀራት።

«ማለቴ... የቢሮ ጠላት ጠላት ነው! እኔ ካዛንቺስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምሠራው። አጠገቤ አንዲት ልጅ አለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ መስኮት ስትዘጋብኝ ኖራለች። እከፍታለሁ፣ ትዘጋለች። ብርድ መታኝ ትላለች፣ በጠራራ ፀሐይ! ታዲያ ፍቅር ያዘኝ? የያዘኝ ራስ ምታት ነው!»

እዚህ ላይ ባቆም ምናለበት! ግን አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሻይዋ ውስጥ ሦስት ስኳር ጨምራ ሳታማስል እንደምትጠጣ፣ ስትናደድ የግራ ጉትቻዋን እንደምታሽከረክር፣ ሰኞ ሰኞ የምትለብሳት አረንጓዴ ሹራብ ሦስተኛ ቁልፏ እንደጠፋ... ምን ያልዘረገፍኩት ነገር አለ? ስሟን ብቻ ነው የተውኩት።

ስሟ ትዕግስት ነው። ወላጆች ስም ከማውጣታቸው በፊት ልጁን ትንሽ ቢያዩት ጥሩ ነበር።

እሑድ ጠዋት ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጣ። አራት ደቂቃ! ስለ ፊልሙ አስተያየት የሰጠ አንድም ሰው የለም፤ ሕዝቡ ሁሉ የተነሣው በእኔ ላይ ነው። «ወንድሜ፣ አንተን የያዘህ ራስ ምታት አይደለም» ይላል አንዱ። ሌላዋ «ቁልፏን ግዛላትና ይውጣልህ» ትላለች። ከሥር ደግሞ «ክፍል ሁለት! ክፍል ሁለት!» የሚል ጩኸት ተደርድሯል።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ከቂርቆስ ደወለች። የጎረቤት ልጅ አሳይታታለች።

«አንተ፣ ልጅቷ ብርድ አይስማማትም?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«ይስማማታል፣ አይስማማትም?»

«አይስማማትም።»

«ታዲያ አትዘጋላትም? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።

ሰኞ ቢሮ ስደርስ ጥበቃው ከመቀመጫው ተነሥቶ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። ትዕግስት አረንጓዴዋን ሹራብ ለብሳ ገባች። አሁን ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። እሷ ግን ሹራቧን አውልቃ ወንበሯ ላይ ሰቀለች፣ ወደ መስኮቱ ሄደች... ራሷ ወለል አድርጋ ከፈተችው! ሦስት ዓመት ያን መስኮት ስትከፍት አይቻት አላውቅም።

«ታች መዝገብ ቤት ጋሽ ማሞ ጋ ባዶ ወንበር አለ» አለችኝ፣ ጉትቻዋን ሳትነካ። የባሰ ፈራሁ። «እዚያ እንዲያዛውሩኝ ጠይቄያለሁ። በቃ፣ አየሩ ያንተ ነው።» ፋይሎቿን አቅፋ ወረደች።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ለአንድ ቀን ንጉሥ ሆንኩ። ማክሰኞ መስኮቱን ስከፍት ግን «ኧረ ዝጋው!» የሚለኝ ሰው ጠፋ። እንደገና ዘግቼ ከፈትኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጥያለሁ። የቀረችኝ ተስፋ ሹራቧ ናት፤ ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለች ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ልብስ እስካለ ድረስ ባለቤቱ «አለ፣ አሁን ይመጣል» ነው የሚባለው፤ ሰውየው አዳማ ቢሆንም።

ረቡዕ ጋሽ ማሞ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። በቢሮው የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ነው።

«ዝውውሩ ዓርብ ይፈረማል። ከዚያ በፊት ይቅርታ ጠይቃት» አሉኝ።

«ጋሽ ማሞ፣ ልጅቷ እኮ ጠላቴ ናት!»

«ኧረ ተወኝ! እኔ ባለቤቴን ካገባሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ሻይ በስንት ስኳር እንደምትጠጣ ዛሬም አላውቅም። ሰው ጠላቱን ይህን ያህል አያጠናም፣ ልጄ።»

እስክሪብቶዬን አንሥቼ ክዳኑን ማኘክ ጀመርኩ።

ሐሙስ ጠዋት የኅዳር ብርድ ካዛንቺስን ሲገርፋት አደረና በመስኮቴ ገባ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። ዙሪያዬን አየሁ፣ ማንም የለም። ተነሣሁና ዘጋሁት። እኔ! አሁንም በረደኝ። አረንጓዴዋ ሹራብ ታየችኝ። ትከሻዬ ላይ ጣል ባደርጋት ማን ያየኛል? ጣል አደረግኳት። ጣል ከተደረገች አይቀር ብዬ እጄንም አስገባሁ።

በሩ ተከፈተ።

«ሹራቤን ልወስድ...» ብላ ትዕግስት ባለችበት ቆመች። መስኮቱን አየችው። እኔን አየችኝ።

«መስኮቱን ማን ዘጋው?»

«ነፋስ።»

«ሹራቤንስ ማን አለበሰህ?»

«...ነፋስ።»

ሳቋ መዝገብ ቤት ድረስ ተሰማ አሉ። ሳቁ ጋብ ሲልላት «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ካንቺ ሌላ መስኮት የሚዘጋብኝ ሰው አልፈልግም» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ጉትቻዋን አንዴ አሽከረከረች፣ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ፊቷን በወረቀት ታራግብ ጀመር።

«ክፈተው እንጂ፣ ታፈንኩ!»

«አልከፍትም፣ ብርድ ይመታኛል!»

ዓርብ የዝውውሩ ወረቀት ሳይፈረም ተመለሰ።

ቅዳሜ «እኔን ያዋረድክበትን ፊልም እስቲ ልየው» አለችኝና አብረን ገባን። ስንወጣ ያችው ባለማይክ በር ላይ ቆማለች። ገና ስታየን «ክፍል ሁለት!» ብላ እየሮጠች መጣች።

«ዛሬስ ፊልሙን እንዴት አገኘኸው?»

እኔ እንደሆንኩ ተምሬያለሁ። ኮቴን አስተካክዬ «በጣም አስተማሪ ፊልም ነው» አልኩ።

«ውሸቱን ነው!» አለች ትዕግስት፣ ማይኩን ወደ ራሷ ስባ። «ማለቴ፣ ይሄ ሰውዬ ከፊልሙ ምኑን አይቶ ነው? ሙቀት ገደለኝ ሲል ነው ያመሸው!» እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ግን ቀጠለች። የእስክሪብቶ ክዳን እንደማኝክ፣ ስዋሽ አፍንጫዬን እንደማክ፣ ዓርብ ዓርብ ሽሮ በልቼ ጠረጴዛ ላይ እንደማንቀላፋ... ስለ ፊልሙ አንድ ቃል አልወጣትም።

እኔ ሰዓት ያዝኩ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ከእኔ በሃያ ሰከንድ ይበልጣል... ጋሽ ማሞ ይስሙልኝ!