ለጠብ የተሸመደደ እንግሊዝኛ

ሰው የባዕድ ቋንቋ የሚያጠናበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ለፈተና፣ ሌላው ለሥራ፣ አንዳንዱም ስልኩን ሲነካካ እንዲሁ ይጀምረዋል። እኔ ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት መሸምደድ የጀመርኩት ከሚስቴ ጋር ለመጣላት ነው። አይፍረዱብኝ፤ መጀመሪያ ይስሙኝ።

እኔና ፅጌ መሐል ሜዳ የምናስተምር ባልና ሚስት ነን። እናቴ ባለፈው ክረምት ታማ ከገጠር መንደሯ ከቀየት አምጥተን አሳከምናት፤ ከዳነች በኋላም አብራን ቀረች። ዘንድሮ ፅጌ ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር አገኘች። እሷ «እንሂድ» ትላለች፣ እኔ «እናቴ አገሯን አትለቅም» እላለሁ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ እናቴ የማትሰማው ነገር የለም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ተጣላን።

አንድ ቀን እራት ላይ ፅጌ «ኦብስቲኔት!» አለችኝ። ቃሉን ስለማላውቀው እራቴን መብላት ቀጠልኩ። በማግስቱ ስልኬ ላይ ስፈልገው ግትር ማለት ሆኖ አገኘሁት። ተሰድቤ ማደሬን ያወቅሁት ከነጋ ነው! ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባል ነገር አጣሁ። መንገድ ስሄድ ቃል፣ ፊቴን ስታጠብ ቃል፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ፣ እሱ ይቅር ይበለኝ፣ ቃል። እኔ አይሆንም ለማለት «ኢምፕራክቲካል» ስል፣ እሷ የማይቀር ነው ለማለት «ኢንኤቪተብል» ትላለች። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ እናቴን በዓይናችን ሰረቅ እያደረግን።

እናቴ መብላት ቀነሰች። ጾም መስሎን ዝም አልናት።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ የነፍስ አባቷ ቤታችን ተቀምጠዋል። እናቴ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳለች።

«ልጆቼ» አሉ አባ፣ «ከታማሚ በሽታዋን መደበቅ ደግ አይደለም። ትናዘዝ ዘንድ ቁርጡን ንገሯት።»

እናቴ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀች፦ «ያ ኢንቪታብል የምትሉት የቱ ጋ ነው ያለብኝ? ጉበቴን ነው?»

ፅጌ እናቴ ጉልበት ላይ ወደቀች። «እማማ፣ ምንም የለብዎትም! ደብረ ብርሃን እንሂድ፣ አንሄድም እያልን ከልጅዎ ጋር ስንነታረክ ነው!»

እናቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ቆጣ አለች።

«ታዲያ አንሄድም ያለው ማነው?»

ፅጌ ወደ እኔ ዞረች። አባም ዞሩ።

«አንቺ አገርሽን የምትለቂ ስላልመሰለኝ ነው» አልኩ።

«ጠየቅኸኝ?»

አልጠየቅኋትም።

«እህቴ ደብረ ብርሃን ብቻዋን አርጅታ የለ እንዴ? ዓይኗን ካየሁ ስንት ዘመኔ! መቼ ነው የምንሄደው?»

ይኸው ዛሬ ፅጌ ሚኒባስ ልታነጋግር ወጥታለች። እኔ ግቢውን እዞራለሁ። አጥሩን እነካካለሁ፣ ገብቼ እወጣለሁ፣ ደግሞ እዞራለሁ። አገሩን መልቀቅ የፈራው ለካ እናቴ ሳትሆን ሌላ ሰው ነው። ይህን ደግሞ አሁን ለማን ይነግሩታል? ሰበቤ ሻንጣዋን ሸክፋ በር ላይ ተቀምጣለች።