የጂፑን ጭስ ለመድፈን የተላለፈ ውሳኔ

ችግር በየትም አለ፤ መሥሪያ ቤትም በየትም አለ። ሁለቱ በልካቸው ሲገናኙ ግን ታሪክ ይሠራል፤ ታሪክ እንኳ ባይሠራ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። በ1973 ዓ.ም. ሆሳዕና ላይ፣ ስሙን ማንሳት በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

መሥሪያ ቤቱ ሠላሳ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ጂፕና አንድ ሾፌር ነበረው። ሾፌሩ ሽብሩ ይባላል። ጂፑ በጥቅምት አንድ ማለዳ ሲነሳ ይንጣጣ ጀመር፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ዳገት ሲወጣ መትረየስ ነው። ጭሱም በኋላ በኩል መውጣቱን ትቶ በእግር መርገጫው ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ሽብሩ ገጠር፣ ሞርሲቶ ድረስ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ዓይኑ ደም ይመስላል፣ ራሱን ይፈልጠዋል።

«የሮማን አባት፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጠጥ ጀመረ እያለህ ነው» አለችው ሚስቱ ጣቢታ። «ለጸሎት ቤት ሰው ነውር አይደለም?»

ሽብሩም ጂፑን ወደ ጴጥሮስ ጋራዥ ወሰደው። ጴጥሮስ ሞተሩን ከፍቶ እጁን አስጠግቶ አሳየው። ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ ድምፁን ወደሚያፍነው ማርሚታ የሚያወርደው ብረት በስድስት ቡሎን የታሰረ ነው፤ አንዱ ቡሎን ተቆርጦ ስባሪው ውስጥ ቀርቷል፣ ጭስ እንዳያፈተልክ በመሃል የምትገባውም ጓርኒሲዮን ተቃጥላለች።

«ስባሪውን ሰርስሬ አወጣለሁ። ጓርኒሲዮኗን አዲሎ ከተማ ከሚያድሩት የጭነት መኪና ሾፌሮች አላጣም። ግማሽ ቀን ስጠኝ» አለው።

ሽብሩ ደስ ብሎት ለመሥሪያ ቤቱ ሊቀመንበር ለጓድ አክሊሉ አመለከተ። ደስታ ለማመልከቻ እንደማይስማማ ያን ቀን ተማረ።

«አንድ ቡሎን?» አሉ ጓድ አክሊሉ።

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የአውራጃውን ሥራ ያደናቀፈው አንድ ቡሎን ነው ብዬ ለበላይ አካል ልጻፍ?»

«ተሰብሮ እኮ ነው።»

«ማን ሰበረው?»

ሽብሩ በመስኮቱ ወደ ጂፑ ተመለከተ።

«ቡሎን በገዛ ራሱ አይሰበርም፣ ጓድ ሽብሩ። በታኅሣሥ ከክፍለ ሀገር ታላቅ እንግዳ ይመጣሉ። እስከዚያ ይህ ጩኸት ካልጠፋ ጉዳዩ በአሻጥር ይታያል።»

አሻጥር በዚያ ዘመን ቀላል ቃል አልነበረችም። የተለጠፈችበት ሰው ምሳውን ሚስቱ በሳህን ቋጥራ እስር ቤት ታደርስለታለች፤ አንድ ቀን ደግሞ ሳህኑ እንደተቋጠረ ይመለስላታል። ሽብሩ ጸሎት ቤታቸው የታሸገ ጊዜ «እሑድ እሑድ የት ትውላለህ?» ተብሎ ስለተጠየቀ ፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት አስቀድሞ ገብቷል። ሁለተኛ ወረቀት እንዳይጨመርበት ፈራ። ፍርሃቱ ትክክል ነበር።

ሰባት አባላት ያሉት የጭስና የድምፅ ችግር አጥኚ ጊዜያዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጴጥሮስ የራሱ ጋራዥ ያለው ንዑስ ከበርቴ ስለሆነ በአባልነት አልታቀፈም፤ ስለ ሞተር ማወቁም ገለልተኛነቱን አጠራጣሪ አድርጎታል። ኮሚቴው በመጀመሪያው ስብሰባ የጭስን ምንነት ተረዳ። በሁለተኛው የጭሱን ነባራዊና ህሊናዊ ሁኔታዎች መረመረ። በሦስተኛው የጸሐፊዋ የጓድ ብርቅዬ እጅ እስኪዝል ከተጻፈ በኋላ እንዲህ ሲል ወሰነ፦ ያልተሰበሩት አምስት ቡሎኖች የጎደለውን ጓዳቸውን ድርሻ ይሸፍኑ ዘንድ ይጥበቁ፤ የማጥበቁም ሥራ በጋራ አመራር መርህ፣ እያንዳንዱ አባል በተራ እያጠበቀና እየፈረመ ይከናወን።

«ቡሎን ልክ አለው!» ብሎ ጮኸ ጴጥሮስ፣ መፍቻ እንዲያውስ ተጠርቶ የመጣ ጊዜ። «ሲበዛበት ይበጠሳል!»

«የብዙኃኑን ጉልበት ትጠራጠራለህ?» ተባለ። መፍቻውን ሰጠ፤ ሌላ ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው አባል አምስቱንም አጠበቀና ፈረመ። ነገሩ በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። ሁለተኛው ግን ለዘብተኛ እንዳይባል ከመጀመሪያው አብልጦ ማጥበቅ ነበረበት፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ስድስተኛው ኮቱን አውልቆ እግሩን መከላከያው ላይ ተክሎ ታገለ። በመጨረሻ የመዝጊያው ክብር ለሊቀመንበሩ ስለሚገባ ጓድ አክሊሉ ቀረቡ፤ መፍቻው ላይ አንድ ክንድ የውኃ ቧንቧ ሰክተው፣ «ወደፊት!» ብለው ተንጠለጠሉበት።

ቀጭ አለ። ኮሚቴው አጨበጨበ። ጓድ አክሊሉ በጭብጨባው ተበረታትተው ወደሚቀጥለው አለፉ፤ እሱም ቀጭ አለ፤ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ያላጨበጨበው ሽብሩ ብቻ ነበር። እሱ ከስድስት ቡሎን አራቱ ተቆርጠው ሁለት መቅረቱን እየቆጠረ ነበር።

ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ጂፑ ለማስረጃ ያህል ሞተሩ እንደተነሳ መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል።

«ጂፑን በኃላፊነት የተረከበው ጓድ ሽብሩ ነው» ብለው ጀመሩ ጓድ አክሊሉ። «ስለዚህ አሻጥሩ...»

«ቃለ ጉባኤው ይነበብ» አለ አንዱ፣ ለሥርዓቱ ያህል።

ጓድ ብርቅዬ ሐቀኛ ሴት ነበረች፤ ያየችውን ሁሉ ትጽፋለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «በሰባተኛ ተራ ጓድ ሊቀመንበር አጠበቁ። ቀጭ አለ። ተጨበጨበ። ቀጭ አለ። ቀጭ አለ። ፈረሙ።»

ጂፑ ከመስኮቱ ሥር ይንጣጣል። ጓድ አክሊሉ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። የፈረሙት ሰባቱም ፊርማቸውን አስታወሱ። ከዚያ በኋላ የታየው አንድነት በአውራጃው ታይቶ አይታወቅም፦ ጂፑ በጥልቀት ተመርምሮ ጭስም ሆነ ጩኸት የሌለበት መሆኑ ተረጋገጠ። ማረጋገጫው ለምስክርነት ሽብሩ ፊት ቀረበ።

«ጓድ ሽብሩ፣ የምትሰማው ጩኸት አለ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ምን አሉኝ ጓድ? አልሰማሁም!»

«አልሰማሁም ብሏል። ይመዝገብ።»

ሽብሩ ፈረመ። ቤቱ ሲገባ ለጣቢታ ነገራት፤ እሷም ሳቅ ሲጀምራት አፏን ያዘች፣ መልሳ አለቀሰች።

በታኅሣሥ እንግዳው መጡ። የሞርሲቶን የእርከን ሥራ ለመመረቅ ከሽብሩ ጎን ተቀመጡ፤ ጓድ አክሊሉ ከኋላ። ከተማውን ሳይለቁ እንግዳው አሳላቸው። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ይህ መኪና ምን ሆኗል?» አሉ ወደ ሽብሩ ጆሮ ተጠግተው።

ሽብሩ መልሱን መዘነ። ችግር አለ ቢል ፊርማውን ሊክድ ነው፤ የለም ቢል የበላይ አካልን ሊዋሽ። «በጽሑፍ አለ፣ ጓድ» አለና በጭንቅላቱ ወደ ኋላ ጠቆመ። ጓድ አክሊሉ ማረጋገጫውን አቀበሉ።

እንግዳው እንባቸውን እየጠረጉ አነበቡ። ሰባት ፊርማ፣ አንድ ምስክርና አንድ ማኅተም። ስምንት ሰው ያልሰማውን ብቻውን የሚሰማ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ፣ በሌሎች ላይ ሲወስኑ ስለኖሩ፣ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ወረቀቱን አጠፉና መስኮቱን ትንሽ ከፈት አደረጉ።

ሞርሲቶ ላይ የአፍንጫቸው ዙሪያ ጥቀርሻ ለብሶ መድረክ ወጡ። ጆሯቸው ስለሚጮኽ በጣም እየጮኹ፣ «እንዲህ ያለ ጸጥታ የሰፈነበት ጉዞ አድርጌ አላውቅም!» አሉ። ገበሬውም ጂፑን ከሁለት ጋራ ማዶ ጀምሮ ሲሰማው የቆየ ቢሆንም አጨበጨበ። ሽብሩ በዚያው ኮከብ ሠራተኛ ተባለ።

በጥር መጨረሻ የሁሉም መሥሪያ ቤቶች ተሽከርካሪዎች ወደዚህ አርአያ ጂፕ ደረጃ እንዲደርሱ የሚያዝዝ ደብዳቤ ከክፍለ ሀገር ተበተነ። በሳምንቱ ሽብሩ አንድ የጎረቤት አውራጃ ሾፌር ይዞ ጴጥሮስ ጋራዥ ገባ። ዋለ የሚባል ከሲታ ሰው ነው፤ መኪናው ሲቆም እንኳ አልተሰማም።

«ምኑን አሞት ነው?» አለ ጴጥሮስ።

«ምንም አልሆነም» አለ ዋለ፤ ደብዳቤውን ዘረጋለት። «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ በአሻጥር ይታያል ብለውኛል።»

ጴጥሮስ አነበበና መፍቻውን መሬት ላይ ጣለው። «አንዷን ስባሪ ላውጣ ብዬ ከጥቅምት ጀምሮ ለመንኩ። አሁን ደግሞ ደህናውን ስበር? ይኼ ኃጢአት ነው፣ ሽብሩ!»

ኮከብ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ መፍቻውን አነሳ፤ በሱሪው ጠርጎ መልሶ አስጨበጠው።

«አራቱን ስበርለት፣ ጴጥሮስ» አለው። «ልጆች አሉት።»