ለኮልፌ ቤት የሚሆን ሪሲቨር

የዕቃ መግለጫ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ቀን ኮልፌ መጥተው ቢያድሩ ደስ ይለኛል። ሪሲቨር ስላችሁ የዲሹን ማለቴ አይደለም፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ተቀብሎና አጉልቶ በየማዕዘኑ ለተቀመጡ ስፒከሮች የሚያድለውን ነው። መግለጫው «ድምፁን ከጣሪያ እንደ ዝናብ ያወርዳል» ይላል። የእኛ ቆርቆሮ ዝናቡን ራሱን ያወርደዋል።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ ደህና ሪሲቨር ማለት መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ የማይቃጠል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰውን ንግግር ከሙዚቃው ለይቶ ከፍ የሚያደርግ።

ይህችን የመጨረሻዋን የምጨምረው ለአባባ ስል ነው። አባቴ ጆሯቸው ከደከመ ቆየ። የጆሮ መሣሪያ ቢገዛላቸው «ያፏጭብኛል» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እሁድ ከሰዓት ድራማ ስናይ ፊታችንን እያዩ አብረውን ይስቁ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ቴሌቪዥኑ ሲከፈት «ትንሽ ጋደም ልበል» እያሉ ወደ ክፍላቸው መግባት ጀመሩ። አንጀቴን በላኝ። ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሲሆን ዝም ብሎ አይታይም። ቆርጬ ተነሣሁ።

አሥራ ስምንት ማዞሪያ ካለ ሱቅ ሪሲቨሩን ከነስፒከሮቹ ገዝቼ ታክሲ ውስጥ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ አመጣሁት። ንግግር የሚወጣው ቴሌቪዥኑ ሥር ከሚቀመጠው መካከለኛ ስፒከር ነው። ከፈትኩት። ተዋናዩ ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ይመስላል። መመሪያውን ሁለቴ አነበብኩ፣ ሽቦ ቀያየርኩ፣ ድምፅ ጨመርኩ። ጎረቤታችን ግድግዳውን ደበደቡ። እኔ ወይ ፍንክች!

በሦስተኛው እሁድ የአባባ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ፊት ለፊት ተመለከትኩ። ባለቤቴ ሰብለ መካከለኛውን ስፒከር ገና ከካርቶኑ እንደወጣ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ወፍራም ጥልፍ ጨርቅ አልብሳዋለች፤ ከፊቱም የፕላስቲክ አበባ አቁማለች። በእኛ ቤት የተከበረ ዕቃ ሁሉ ይለብሳልና ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳየው አልታየኝም። እሷን ልቆጣ ስል ጨርቁን ከመደብር መርጬ ያመጣሁት እኔው መሆኔን አስታወሰችኝ።

ገፈፍኩት። ንግግሩ ኩልል ብሎ ወጣ። አባባን ከክፍላቸው ጠርቼ አስቀመጥኳቸው።

«ይሰማዎታል?»

«በደንብ።»

ድል አድርጌ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ሰብለና ልጆቹ በራሳቸው ጨዋታ ሳቁ። አባባ ከቴሌቪዥኑ ዞረው የእነሱን አፍ ያዩ ጀመር፤ ከዚያም ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ሰውዬው የሚለውማ ተሰማኝ። እኔ የምፈልገው እናንተ የምትሉትን ነበር።»

ሪሞቱን አንሥቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ሰብለ ቅድም እሷንና ልጆቹን ያሳቀውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ ጮክ ብላ ደገመችላቸው። ሲደገም ምንም አያስቅም። አባባ ግን ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉና «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ።