አባቴ ያዋሰው ምሰሶ

ትናንት ሌሊት ያ ክፉ ክረምት በሕልሜ ተመልሶ መጣ።

በልጅነቴ የሆነ ነው። ዝናቡ እስከ መስቀል አላባራም። ገብሱ በማሳው ላይ በሰበሰ። ቤታችን ዘመመ። አባቴ ሊያቃናው ረጅም የጥድ ምሰሶ አስጠርቦ ነበር። ያን ጊዜ ከተማችን ኮረብታው ላይ ማዘጋጃ ቤት ታሠራ ነበር፤ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ በረንዳ ዙሪያውን የከበበው የድንጋይ ቤት። ጣራውን የሚሸከም እንጨት ጠፋ። ሹሙ መጥቶ፣ «አያ ቢያድግልኝ፣ ምሰሶህን አውሰን፤ በበጋ እንመልሳለን» አለ። አባቴ ሰጠ። ብዙ በጋ አለፈ። ቤታችን በባላ ተደግፎ ቀረ። አባቴም ማመልከቻ ይዞ ደጅ ሲጠና ሞተ፤ እኔም በእግሩ ተተካሁ።

በሕልሜ ግን ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንብ ነበር። አባቴ ከድንች የተቀረጸ ማኅተም ይዞ ደጃፋችን ላይ ተቀምጧል። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። ፍየላችን መነጽር አድርጋ ተራ ታስከብራለች። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በረንዳውን እንደ ቀሚስ ሰብስቦ ከኮረብታው ወርዶ ከሰልፉ ቆሟል። እንደ ድሮው ነበር፤ ኖራው ነጭ፣ መስኮቱ አረንጓዴ፣ የግንቡ ሰዓትም ይሠራል። በዚያ በረንዳ ስንት ዝናብ ተጠልያለሁ። ሚስቴን መጀመሪያ ያየኋትም እዚያው ስትጠለል ነው።

«ባለጉዳይ!» ብላ ጮኸች ፍየሏ።

«ምሰሶውን ልመልስ ነበር፣ ጌታዬ» አለ ማዘጋጃ ቤቱ አንገቱን ደፍቶ።

«ማመልከቻ ይዘሃል?» አለው አባቴ።

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያው ነገ ና።»

ፍየሏ ሳቀች። እኔ ተናደድኩ።

«አባባ፣ ተቀበለው እንጂ! ቤታችን ሊወድቅ ነው እኮ!»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ ሞኝ፣ እሱስ በምን ይቆማል?» አለኝ።

አልሰማሁትም። በማዘጋጃ ቤቱ በር ገባሁ፤ ምሰሶውን አቅፌ ነቀነቅኩት፤ በኃይል ሳብኩት።

ጓ! የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

ነግቷል። ወጣሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ላቀው ከጋሪው ላይ አንድ ግንድ ደጄ ላይ ጥሏል። አቧራው ገና አልረጋም።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! ያን ሁሉ ዓመት ደጅ የጠኑበት ምሰሶ ተለቀቀ።»

«ማዘጋጃ ቤቱስ?»

«አዲስ ባለ ፎቅ ሊሠሩ ነው። ሌሊቱን በዶዘር ገፉት።»

ቀና ብዬ ኮረብታውን አየሁ። ሰማይ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብዬ ምሰሶውን ዳበስኩት። አንድም ምስጥ አልነካውም።

«በሉ ይረከቡ» አለ ላቀው። «ከተማው ዕዳውን ከፈለ።»

ተረከብኩ።